የትከሻው ልክ

ያን ቅዳሜ ልኬን የወሰደችው ሌላ ሴት ነበረች።

ነገሩ ለሰው ሲያወሩት ተራ ነው። ልብስ ሰፊ ቤት ገባሁ፣ ቀሚስ አዘዝኩ፣ ልኬ ተወሰደ፣ ወጣሁ። ግን ልብስ ሰፊው የምወደው ሰው ነው። ከተዋወቅንበት ጊዜ ጀምሮ፣ ዓመት ከስምንት ወር ሙሉ፣ የእኔን ልብስ ከእሱ በቀር ማንም ነክቶት አያውቅም። የተቀደደ ኪሴን እንኳ ለሌላ ሰው አይሰጥም። ያን ቀን ግን ከስፌት መኪናው ኋላ ሳይነሳ፣ ሁለት እጆቹን ጭኖቹ መሃል ሸጉጦ፣ ሰሞኑን አጠገቡ መሥራት ለጀመረች፣ ማንነቷን ላልጠየቅሁት ሴት «እስቲ አንቺ ለኪያት» አላት። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።

ሴትየዋ ሜትሩን ከአንገቷ አውርዳ መጣች። ወገቤን ስትለካ ፈገግ አለችልኝ። ዛሬ ሳስበው የሐዘን ፈገግታ ነበር። ያኔ ግን የአሸናፊ ፈገግታ መሰለኝ።

«አመመህ እንዴ?» አልኩት።

«ምን ያመኛል? በሬ አክዬ እያየሽኝ!» አለና ሳቀ።

ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ክፍሉ ግን ቀዝቃዛ ነበር። ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ። መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ዞሬ አየሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ በሩ ላይ ማንም አልነበረም። ድሮ እስከ መታጠፊያው ድረስ ቆሞ ያየኝ ነበር።

*

ሰውዬውን ላስተዋውቃችሁ። ጂም ውስጥ የሚጠራው መርፌ ተብሎ ነው። ስሙን ያወጣለት ታላቅ ወንድሜ ነው፤ ጂሙም የወንድሜ ነው። መርፌ የተባለው በሥራው ብቻ እንዳይመስላችሁ። ያን ጊዜ ከጎን ሲያዩት የማይታይ፣ ከፊት ሲያዩት ሁለት ትልልቅ ዓይኖች ብቻ የሚታዩበት ቀጫጫ ነበር። ከአጎቱ ጋር ከአንድ ፎቅ ደረጃ ስር ባለች ክፍል ውስጥ ኮት ይሰፋል። ክፍሏ ጠባብ ናት። ከዚያች ክፍል የሚወጣን ኮት የለበሰ ወንድ ግን ሳይታወቀው ደረቱን ነፍቶ ነው የሚሄደው።

እኔ የክሊኒክ ላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። የተገናኘነው ነጭ ጋዋኔ ሰፊ ሆኖብኝ ላስጠብብ ሄጄ ነው። «ዶክተር፣ ትከሻው ላይ ትንሽ ልቀንስልሽ?» አለኝ። ዶክተር አይደለሁም ብለው፣ «ደም አይቶ የማይደነግጥ ሁሉ ለእኔ ዶክተር ነው» አለ። ከዚያ ወዲህ «ዶክተርዬ» ሆኜ ቀረሁ።

እናቴ ጋ የወሰድኩት ቀን ነው ነገር የተበላሸው። እናቴ ክፉ ሰው አይደለችም። አባታችን ሲሞት የቤት ዕቃ መደብሩን ብቻዋን ይዛ ሁለታችንንም ያስተማረች ሴት ናት። ምላሷ ግን ከሐሳቧ ይቀድማል። ሻይ እየቀዳችለት ከላይ እስከ ታች አየችውና፣ «ልጄ፣ ይሄን ሰው ንፋስ ቢወስደው የት ሄደን እንፈልገዋለን?» ብላ ሳቀች። ወንድሜም ሳቀ። እሱም ራሱ ሳቀ። እኔ ብቻ ነኝ ያልሳቅሁት፤ ሲስቅ ጆሮዎቹ ሲቀሉ አይቼ ነበርና። ሸኝቼው ስመለስ ደግሞ፣ በሩ ገና ሳይዘጋ፣ «ዲግሪሽን ይዘሽ ለአንድ ክር በጣሽ?» አለችኝ።

ሰምቷል። መስማቱን አልነገረኝም። እኔም መስማቱን እንደማውቅ አልነገርኩትም። ሁለታችንም ለመተዛዘን ብለን ዝም ተባባልን። ዛሬ ላይ ሆኜ ሳየው፣ ከነገሩ ሁሉ የከፋው ያ ዝምታ ነበር።

በሳምንቱ ጂም ገባ።

መጀመሪያ የቀልድ ነበር። እግሩ ተሳስሮ ደረጃ መውረድ አቅቶት ያስቀኛል። ሦስት ወር እንዲህ አለፈ። በአራተኛው ወር ግን ትከሻው ድንገት እንደ ሊጥ ኩፍ አለ። የራሱን ኮት ሁለት ጊዜ ፈትቶ አሰፋ። እናቴ አይታው «አሁን ሰው መሰለ!» አለችና ምሳ ጋበዘችው። እኔም ደስ አለኝ። አልዋሽም፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

ግን ሰውየው ሌላ ሰው እየሆነ መጣ። ለአንዲት ቁልፍ ብሎ ደንበኛ ላይ ጮኸ፤ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ የሰማሁት ያን ቀን ነው። እንቅልፍ አይወስደውም። ጀርባው ብጉር ሞላበት። ምግብ ቤት ቁጭ ብለን ሳህኑን እያየ «በኋላ እበላለሁ» ይላል። ሲያቅፈኝ ደግሞ ልቡ ደረቱን ሰብሮ ሊወጣ እስኪመስል ይደልቃል። እኔ ሞኟ፣ ደም መርማሪዋ፣ የፍቅር ነው ብዬ ኩራት ተሰማኝ።

*

ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ማክሰኞ ዕለት፣ ኮሌታው ተቀዶብኝ የሰጠሁት ጋዋን ተሰፍቶና ተተኩሶ ክሊኒክ ድረስ ተላከልኝ። እንደ ልማዱ የደረት ኪሱ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት አለ። ስልክ እያለው ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ነው። የኮት ቅድ በሚያወጣበት ቡናማ ወረቀት ላይ፣ ወደ ግራ ባዘመሙ ፊደላት ይጽፍልኛል። ሃያ ሰባት ደብዳቤ አለኝ።

ይህኛው ሃያ ስምንተኛው መሆኑ ነው። ዘርግቼ ሳየው ግን ፊደሎቹ አላዘመሙም። ክብ ክብ ያሉ፣ የተዋቡ፣ ቀጥ ብለው የቆሙ የሴት እጅ ፊደሎች ናቸው።

«ለማከብርሽ። ሥራ ስለበዛብኝ ለጥቂት ሳምንታት ባንገናኝ ይሻላል። ወደ ሱቅም አትምጪ። ምክንያቱን አንድ ቀን ራሴ እነግርሻለሁ። ክፉ አታስቢብኝ።»

አምስት ጊዜ አነበብኩት። «ለማከብርሽ!» ሰው ለሚወዳት ሴት ለመሥሪያ ቤት ኃላፊ እንደሚጻፍ ይጽፋል? ደግሞስ፣ ትቶኝ ቢሆን እንኳ፣ መተዉን በሌላ ሴት እጅ አስጽፎ ይልካል? ሜትር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለችው ያቺ ሴት ፈገግታዋ ትዝ አለኝ። ልኬን ወስዳለች፤ እሱንም ወስዳለች ማለት ነው አልኩ።

ጋዋኑን ለበስኩት። የኮሌታው ስፌት አንገቴን ኮሰኮሰኝ። በጣቴ ስዳስሰው ጠማማ ነበር።

*

ሐሙስ ጠዋት የደም ቱቦዎችን ከሚያዞረው ማሽን ውስጥ እያወጣሁ ነበር። ደም ሲዞር ቀዩ ከስር ይረጋል፣ ከላይ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ውሃ ይቀራል። አንዱ ቱቦ ላይ ግን ከላይ ያለው እንደቆየ ሻይ ጠቁሯል። «ምስኪን፣ ጉበቱን ምን ነካው?» አልኩ። ከዚያ ቱቦውን አዙሬ ስሙን አነበብኩት።

በቀን መቶ ስም አነባለሁ። ያን ስም ግን ደግሜ አነበብኩት፤ መርፌ ለእኔ ሳይነግረኝ እዚሁ እኛ ክሊኒክ ደም ሰጥቷል።

የላቦራቶሪ ኃላፊያችን፣ ሁላችንም እትዬ የምንላት ሴት፣ ከጀርባዬ ነበረች። «እትዬ፣ ይህን ናሙና እኔ መሥራት የለብኝም» አልኳት።

«ለምን?»

«የማውቀው ሰው ነው።»

ፊቴን አየችና ሌላ ጥያቄ ሳትጠይቅ ቱቦውን ከእጄ ወሰደችው። ውጤቱ ሲወጣ የጉበቱ ቁጥር ከጤነኛ ሰው አሥራ አራት እጥፍ ነበር። ደግማ ሠራችው። ያው ነው። ጉበትን የሚያጠቁት ቫይረሶች ተፈለጉ፤ አንዳቸውም የሉም።

ከቀትር በፊት ሐኪሟ ራሷ ወደ እኛ ወረደች። «ግራ ገብቶኛል» አለች ለእትዬ። «መጠጥ አይቀምስም። ምን ትወስዳለህ ብለው፣ ምንም አለኝ። እጁ እየተንቀጠቀጠ፣ ልቡ እየዘለለ፣ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ፣ ምንም! ዛሬውኑ ተኛ ብለው ሥራ አለብኝ ብሎ ጥሎኝ ሄደ። የሚወስደውን ካላወቅሁ በምን ላክመው?»

እጁ እየተንቀጠቀጠ። ይህች ቃል ጆሮዬ ላይ ቀረች። ቅናቴንም ፍርሃቴንም ይዤ፣ የምሳ ሰዓት እስኪደርስ እንኳ ሳልጠብቅ ቦርሳዬን አነሳሁ። እትዬ «ሂጂ፣ እኔ አለሁ» አለችኝ።

*

ሱቁ ውስጥ ሴትየዋ ብቻዋን ነበረች። ሰላም እንኳ አላልኳትም። ደብዳቤውን ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት።

«አንቺ ነሽ የጻፍሽው?»

«እኔ ነኝ» አለች። መቀሷን አስቀመጠች። «ተቀመጪ፣ እህቴ።»

«አልቀመጥም። እኔ ማወቅ የምፈልገው ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ብቻ ነው።»

መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት አፏን በእጇ ያዘች። «ኧረ በስመአብ! እኔኮ የአጎቱ ምራት ነኝ። ባሌ ከሰማ በሳቅ ይሞታል!» አለች። መሳቅ ጀመረች፤ ወዲያው ግን ሳቋ ከዳትና ዓይኗ እንባ አቀረረ። «እህቴ፣ እጁ እምቢ ብሎት ነው እኮ። ሦስት ሳምንት ሆነው ክር ማስገባት ካቃተው። እኔ ነኝ የማስገባለት። እስክሪብቶ ሲይዝ ወረቀቱን ይቀድደዋል። ጻፊልኝ አለኝ፤ ጻፍኩለት።»

«ታዲያ ለማከብርሽ የሚለውስ?»

አቀረቀረች። «እሱ 'የኔ ዓለም' ብለሽ ጀምሪ ነው ያለኝ። እኔ ሴትዮ፣ ለሰው ፍቅረኛ እንዴት ብዬ የኔ ዓለም እላለሁ? አፈርኩና ቀየርኩት። ሳላነብለት አጥፌ ኪሱ ውስጥ ከተትኩት።»

መሳቅም ማልቀስም እኩል መጡብኝ። በዚህ መሃል ከሱቁ ጥግ ያለው መጋረጃ ተገለጠ። የጨርቅ ጥቅሎች ላይ ጋደም ብሎ ኖሯል፤ ሁሉንም ሰምቷል። በቀን ብርሃን ፊት ለፊት ያየሁት ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ እንጃ። ትከሻው በሩን ይሞላል፤ ፊቱ ግን የሌላ የታመመ ሰው ፊት ነው። የዓይኑ ነጭ ቦታ የሎሚ ልጣጭ መስሏል።

የአጎቱ ምራት ቀስ ብላ ወጣች።

«እጅህን አሳየኝ» አልኩት።

«ተይ ዶክተርዬ።»

«አሳየኝ!»

ዘረጋቸው። ሐር የሚሰፋ እጅ ነበር። አሁን እንደ ቅጠል ይርገበገባል። በሁለት እጄ ያዝኩት።

«ምንድን ነው የምትወስደው?»

«ከስፖርት በፊት የሚጠጣ ዱቄት አለ፣ ጉልበት የሚሰጥ። ከምግብ በኋላ ደግሞ እንክብል። መጀመሪያ አንድ፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ አራት።»

«ከማን ነው?»

እጁን ከእጄ ስቦ ኪሱ ውስጥ ከተተው።

«ሐኪሟን ምንም አልወስድም ያልካት ለምንድን ነው? ሰውየው ማን ነው?»

«እሱን አትጠይቂኝ። የሰጠኝ ሰው ለክፋት አልሰጠኝም።»

በዚህ ምድር ላይ እኔ እንዳይከፋኝ ብሎ ስሙን የሚደብቅለት ሰው ስንት ነው? ሁለት ብቻ ነው። አንደኛዋ እናቴ ናት፤ እሷ ዱቄት አትሸጥም። የቀረው የጂሙ ባለቤት ነው።

«ተነስ፣ ክሊኒክ እንሂድ» አልኩት። «ከዛሬ ጀምሮ አንዲት ፍሬ እንዳትነካ።»

«ብተወው ምን እንደምሆን ታውቂያለሽ?» አለ። ድምፁ እንደ ልጅ ተሰበረ። «ይሄ ትከሻ ይወርዳል። ኮቱ ይሰፋኛል። ተመልሼ ያ ንፋስ የሚወስደው ሰውዬ እሆናለሁ። እናትሽ ቤት በር ላይ ቆሜ የሰማሁትን ቃል ደግሜ መስማት አልችልም። አንቺም ቢሆን ያን ምሳ የተጋበዝኩ ቀን እንዴት አድርገሽ እንዳየሽኝ አልረሳሁትም። እንደዚያ አይተሽኝ አታውቂም ነበር።»

ይህ እውነት ነበር። ያን ቀን እሱን ብቻ አልነበረም ያየሁት። የእናቴን ፊት አይቼ ነበር የተደሰትኩት። ይህን ለራሴ እንኳ ነግሬው አላውቅም።

«እኔ የወደድኩት ያን እንደ ክር የቀጠነውን ነው» አልኩት በመጨረሻ። «በሬውን የተቀበልኩት አንተን ደስ ያለህ መስሎኝ ነው።»

ተያየን። ስድስት ወር ሙሉ አንዱ ለሌላው ብሎ የማይፈልገውን ሲሸከም የኖረ ሁለት ሞኝ ሰው። ግንባሩን ትከሻዬ ላይ ጣለው። ማናችን እንደምናለቅስ አላውቅም።

*

እሱን ከአጎቱ ምራት ጋር ወደ ክሊኒክ ሰድጄ በቀጥታ ወንድሜ ጂም ሄድኩ።

ከቀትር በኋላ ሰው ይበዛል። ወንድሜ ከመስታወቱ ፊት ቆሞ አንዱን ያሠራል። ሲያየኝ ፈገግ አለ። ጋሼ ነው የምለው። በልጅነታችን ትምህርት ቤት ስሄድ ቦርሳዬን የሚሸከምልኝ፣ አባታችን በሞተ ጊዜ ጸጉሬን መጎንጎን የተማረ ወንድሜ ነው።

«ጋሼ፣ ለመርፌ የምትሰጠውን ዕቃ አምጣው።»

ፈገግታው ጠፋ። «ምን ሆነ?»

«ጉበቱ እየሞተ ነው። አምጣው።»

ከቢሮው ሁለት ትልልቅ የፕላስቲክ ዕቃ ይዞ ወጣ። አንዱ የሚያምር ጡንቻ የተሳለበት ነው። ሌላው እንክብል የያዘ ነው፤ ላዩ ላይ ግን ምንም ጽሑፍ የለም። «ይሄኛው ምንድን ነው?» አልኩት።

«ጥሩ ነው ብሎ አንድ የማውቀው ሰው ነው ከውጭ የሚያመጣልኝ። ሁሉም ይወስደዋል። እኔም እወስደዋለሁ፤ ይኸው ተመልከቺኝ!» ክንዱን አጠፈው። «አንድም ሰው አመመኝ ያለኝ የለም።»

ዞር አልኩ። አሥር አሥራ ሁለት ወንዶች ብረታቸውን እንደያዙ ያዩናል። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «ከእናንተ ውስጥ ይሄን ከጀመረ ወዲህ እንቅልፍ ያጣ አለ? ልቡ ያለ ቦታው የሚመታበት?» አልኩ።

አንዱ ጫማውን ማሰር ጀመረ። ከዚያ አንድ የባንክ ጥበቃ ነው የተባለ ግዙፍ ሰው ብረቱን መሬት አስቀመጠና፣ «እኔ አፍንጫዬ ይደማል» አለ። በቀጭኑ ነው ያለው፤ ከዚያ ሁሉ አካል ያቺን የምታክል ድምፅ ትወጣለች ብዬ አልጠበቅሁም። ከጀርባ ደግሞ፣ «የእኔ ጸጉር እየረገፈ ነው» አለ አንድ መምህር። ሌላው ኩላሊቱን እንደሚወጋው ተናገረ። ሌላው ሚስቱን መትቶ ሊገድላት እንደነበር፣ ለምን እንደተናደደ ግን እስካሁን እንደማያውቅ ተናግሮ ማልቀስ ጀመረ። አጠገቡ ያለው ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት ግራ ገብቶት ፎጣ ሰጠው።

ወንድሜ እያንዳንዳቸውን በየተራ ያይ ነበር። «ለምን አልነገራችሁኝም?» አለ።

«አፈርን፣ አሰልጣኝ» አለ ጥበቃው።

ወንድሜ አግዳሚው ላይ ቁጭ አለ። ልጮህበት ነበር የመጣሁት፤ ከመንገድ ጀምሮ ያዘጋጀሁት ስድብ ነበረኝ። እሱ ግን ቀና ብሎ አይቶኝ፣ «ስላንቺ ብዬ ነው እኮ» አለኝ። «እማዬ እንድትቀበለው ነው። የምትወጂውን ሰው ትከሻ ልሰጥሽ ነው የፈለግሁት።»

ስድቤን ትቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

*

ያን ዕለት ከሰዓት ወንድሜ ሁለቱን ዕቃዎች በደረቱ ታቅፎ ክሊኒክ ገባ። ሐኪሟ ፊት አስቀመጣቸውና «እኔ ነኝ የሰጠሁት» አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም። መርፌ አልጋው ላይ ሆኖ «አሰልጣኝ፣ ለምን መጣህ?» አለው። ሐኪሟ እንክብሉን መዳፏ ላይ አድርጋ አየችው። «ዱቄት ሁሉ መርዝ ነው አልልም» አለች። «ይሄ ግን ስሙም አባቱም አይታወቅም። አሁን መድኃኒቱ ማቆምና መጠበቅ ነው። ጉበት ይቅር ይላል፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም።»

እናቴ መደብሩን ዘግታ ስትመጣ እኔ መተላለፊያው ላይ ቆሜያለሁ። ሁሉንም ነገርኳት። የንፋሱንም ቀልድ፣ የክር በጣሹንም፣ ሁሉንም።

«ቀልዴን እኮ ነው» አለች። «ለቀልድ ነበር ያልኩት።»

«አውቃለሁ እማዬ።»

«አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ትል ነበር እናቴ» አለችና ነጠላዋን አስተካክላ ገባች። አልጋው አጠገብ ስትደርስ ሊነሳላት ሞከረ፤ በእጇ ያዘችው። ያን ትልቅ ትከሻ፣ ያን ሁሉ ጣጣ ያመጣውን፣ እንደ ሕፃን ገላ በመዳፏ አሸችው። «ተኛ ልጄ» አለችው። እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። በኩርፊያ ይሁን በእንባ፣ እሷም አላወቀችም፣ እኔም አላወቅሁም።

ማንን ልጥላ? ከአልጋው ግርጌ ቆሜ አንድ በአንድ አየኋቸው። እናቴ ቀለደች። ወንድሜ አዘነ። እሱ ወደደኝ። እኔ ዝም አልኩ። ከእነዚህ መካከል ወንጀል የሚባለው የትኛው ነው? ቁጣዬ የሚያርፍበት ቦታ አጣ።

*

ስድስት ሳምንት አለፈ። በየሳምንቱ ደሙ ይወሰዳል፤ እኔ አልነካውም፣ እትዬ ናት የምትሠራው። ወንድሜ ያን ዕቃ አውጥቶ ደፋው፣ ደንበኞቹንም እየለመነ ወደ ምርመራ ላከ። የራሱን ደም ለመስጠት ግን በየሳምንቱ ምክንያት አያጣም ነበር። በስድስተኛው ሳምንት መርፌ፣ «አሰልጣኝ፣ ብቻዬን መወጋት ሰለቸኝ፤ አብረኸኝ ና» ብሎ እጁን ይዞ አመጣው። ጎን ለጎን ተቀምጠው ክንዳቸውን ሰጡ። የአንዱ ክንድ ቀጥኗል። የሌላው እንደ ግንድ ነው።

ወደ ቀትር ላይ እትዬ ጠራችኝ። ሁለት ወረቀት ይዛለች።

«ሐኪሟ ናት የምትነግራቸው» አለች። «አንቺ ግን ሳታውቂ ፊታቸው እንድትቆሚ አልፈልግም።»

የመጀመሪያውን አየሁ። አሥራ አራት እጥፍ የነበረው ከሁለት እጥፍ በታች ወርዷል። ጠረጴዛውን ያዝኩ። «እትዬ!» አልኩ። ልስቅ ነበር።

«ሁለተኛውን እይው» አለችኝ።

የወንድሜ ነበር። የኩላሊቱ ቁጥር ከፍ ብሏል። የጉበቱም ከፍ ብሏል። እንደ መርፌ ያን ያህል አይደለም፤ ግን ይህ ምንም የማያመው፣ ክንዱን አጥፎ ያሳየኝ ሰው ነው። «ገና ነው፣ በጊዜ ነው የመጣው» አለችኝ እትዬ። «ፊትሽን ታጠቢ።»

ታጠብኩ። ሁለት ጊዜ ታጠብኩ። መስታወቱ ውስጥ ያለችው ሴት የቱን ፊት ይዛ እንደምትወጣ አላወቀችም። የደስታውን ብይዝ ወንድሜን ዋሸሁት። የሐዘኑን ብይዝ የምወደውን ሰው ገደልኩት።

በሩን ከፈትኩ። መተላለፊያው ላይ ባለችው አግዳሚ ሦስቱም ተደርድረው ተቀምጠዋል። እናቴ መሃል ናት፤ በአንድ ጎኗ ወንድሜ፣ በሌላው እሱ። ሦስቱም እኩል ቀና አሉ።

«ምንድን ነው?» አለች እናቴ። «ሐኪሟ እስክትጠራን አትግደይን። የደስታ ነው የሐዘን?»

«ሁለቱም ነው እማዬ» አልኩ።

የትኛው የማን እንደሆነ ማንም አልጠየቀኝም። መርፌ ግን ዓይኔን ተከትሎ አየ፤ ወንድሜ ላይ እንዳረፈም አየ። ከተቀመጠበት ተነሳ፣ በእናቴ ፊት አልፎ ሄዶ ወንድሜ አጠገብ ተቀመጠና ክንዱን ትከሻው ላይ ጣለ። ክንዱ እስከ ዳር አልደረሰለትም። ወንድሜ ቀስ ብሎ ወደ እሱ አዘነበለ።

እናቴ ባዶ የቀረውን ቦታ በመዳፏ መታ መታ አድርጋ ጠራችኝ። ሄጄ ተቀመጥኩ። ደስታዬን የት እንደማስቀምጠው፣ ፍርሃቴን የት እንደምደብቀው ግራ ገብቶኝ፣ ሁለቱንም ታቅፌ እዚያው እናቴ ጎን ተጠጋሁ። የምሄድበት ሌላ ቦታ ቢኖርም እንኳ አልሄድም ነበር።